ባለቤቱ የት አለ?

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ጎልዌይ ይዘንባል፤
ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ አሮጌው ማሞቂያ ያቃስታል።
ስድስት ነን በክፍሉ፦ አንዱ የሌሊት ዘበኛ፣
ኦክሳና፣ ትናንት የጥርስ ሐኪም፣ ዛሬ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
ልብስ ሰፊው ኒዛር፣ ሁለት ዝምተኛ እኅትማማቾች፣
እና እኔ፣
ወልድያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ፣
እዚህ የሆስፒታል ኮሪደር እየወለወልኩ
በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ደብተር የታቀፍኩ።

ግሮንያ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣
«ሁለቱን ዐረፍተ ነገር አንድ አድርጉት» አለች፤
«ከፊተኛው ባለቤቱን ጣሉት፣
ጊዜውንም ግፈፉት፣
‹ኢንግ› የምትል ቃጭል ከጅራቱ እሰሩለት፣
ከዚያ በነጠላ ሰረዝ ለዋናው አስጠጉት።»
በሆዴ ሳቅሁ። አወቅሁት።
ቦዝ አንቀጽ እኮ ነው፣ የድሮ ወዳጄ፣
ማሰሪያ ካልመጣለት ቆሞ የማይሄድ፣ ዘመድ ጠባቂ።
ስንቱን ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አቁሜ፣
«ሮጦ ብለህ አትተወኝ!
ሮጦ? ሮጦ ምን ሆነ?» ብያለሁ።

«በሉ፣ ስለ ራሳችሁ ጻፉ።»
ኒዛር ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄድ ዝናብ ደበደበው፤
በወረቀቱ ላይ ግን ዝናቡ ነው ጣቢያ የሄደው፣
ምናልባትም ቲኬት የቆረጠው።
የኦክሳና ስልክ ጥርሱን እየቦረሸ ጮኸ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
የእኔ ተራ ደረሰ።

«አራት ዓመት ጠብቄ ደብዳቤው መጣ» ብዬ በሐሳቤ፣
በእነሱ ቋንቋ ገልብጬ ሰጠኋት።
ቀዩ እስክሪብቶ መጣና ከበበው፦
«የጠበቀው ማነው? እንደ ጻፍከው ከሆነ ደብዳቤው።
የዚህ ግስ ባለቤት የት አለ?»

ባለቤት።
እሷ የሰዋስውን ጠየቀች፤ በጆሮዬ የገባው ሌላ ነው።
ባለቤቴማ ወልድያ ናት፣ ግሮንያ።

በእኛ ቤት ግስ ሰውየውን አዝሎ ይሄዳል፤
ጠብቄ ስል «ቄ» ውስጥ እኔ አለሁ፣
ጠብቃ ስል «ቃ» ውስጥ ውብዳር አለች፣ ወንበሯን አስጠግታ፤
አንዲት ፊደል ሰው ሙሉ ታስቀምጣለች።
የናንተው ግን ገበያ መሀል የጠፋ ልጅ ነው፤
ከነጠላ ሰረዙ ማዶ መጀመሪያ ያየውን
«አባዬ» ብሎ እጁን ይይዛል።

«ለሁለቱም ግስ አንድ ባለቤት ስጣቸው» አለች ለስለስ ብላ፤
«‹ደብዳቤውን ተቀበልኩ› በለው፣ ይስተካከላል።»
ይስተካከላል።
ግን እኔ ብቻዬን አልጠበቅኩም፤
እሷም ናት፣ ሰነድ አስተርጉማ፣ ማኅተም አስመትታ፣
ፎቶ ተነሥታ፣ «ጆሮሽ አልታየም» ተብላ እንደገና ተነሥታ፣
አዲስ አበባ ወርዳ፣ በሩ ተዘግቶ ጠብቋት፣ ተመልሳ፤
ይኸው፣ ቦዝ በቦዝ፣ ማሰሪያ የሌለው አራት ዓመት።
ደግሞስ ደብዳቤው አልጠበቀም ያለው ማነው?
ደብሊን አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ የሰው ፋይል ተጭኖት፣
ምናልባት ስሜን እየደጋገመ።

«እና፣ ደብዳቤው ምን ይላል?» ስትለኝ
አልከፈትኩትም አልኳት።
ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ጠርዙ በዝናብ ርሶ።
ቀዩን እስክሪብቶ ክዳኑን ገጠመችው።

የኮሪብ ወንዝ ድልድይ ላይ ስልኬን ከፈትኩ፤
የውብዳር ድምፅ፣ ከኔትወርክ ጋር እየታገለ፦
«ከሥራ ገብቼ፣ ልጁን አስተኝቼ፣
ያንተን ድምፅ ስጠብቅ አምሽቼ፣»
እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ወንዙ ከሥሬ እየተጣደፈ፣
እጄ በኮቴ ኪስ፣ ፖስታው ላይ፣
በድሮው የክፍል ድምፄ ጮክ ብዬ፣
«አምሽተሽ?
አምሽተሽ ምን ሆንሽ?»